ያለ መቀነት የቀደመ

ደህና ዋልሽ የኔ እናት? ልጅሽስ ተሻለው? … እሰይ። ጉንፋን ነው፣ ያልፋል፤ የኔዋም ሰሞኑን አፍንጫዋን ይዛ ነው የከረመችው። ሐኪሙ ምን አለሽ? … ውሃ ይጠጣ፣ ይተኛ። እሱንማ እኔም እላለሁ። ግቢ፣ ግቢ፣ ቦርሳሽን ስቀዪው። ካውያውን ሰክቼልሻለሁ፣ ውሃውንም ሞልቼዋለሁ። የቀሩን እነዚህ ሸሚዞች ናቸው፤ እስከ መዝጊያ ይደርሳሉ… ኧረ ቀስ! እኔን! ከፊትሽ ያስቀድመኝ! ነካሽ እንዴ? እስቲ አሳዪኝ። … ተመስገን፣ ላይ ላዩን ነው። "ምን ያስቸኩልሻል" ልልሽ ነበር… ተውኩት። በዚህ ክፍል ችኮላን በክፉ ማንሳት ነውር ሆኗል።

አንቺ ከቀረሽ ወዲህ ምን አዲስ ነገር አለ መሰለሽ? ምንም። ሰላም ነው። እንዲያውም ሰላም በዛብን። የሚናገረው መቀሱ ብቻ ነው፤ ያውልሽ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን አኩርፎ የቆመው… መቀሱን ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት ገባና "ስለ ጌሙ አንዲት ቃል እንዳትናገሪኝ" አለኝ። እሺ አልኩ። ማልኩለት። እኔ ደግሞ ስምል የዋዛ አይደለሁም፤ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈስኩለትም፣ አልተነፍስለትምም። አሁን የማወራው ከማን ጋር ነው? ከአንቺ ጋር። ከአንቺ ጋር አታውሪ ያለኝ አለ? የለም። ደግሞም ስለሱ አይደለም የማወራሽ። ስለ ሌላ ሰው ነው። አታውቂውም።

እናቱን ግን እኔ በደንብ አውቃታለሁ። ደግ፣ ትዕግሥተኛ ሴት። የመጀመሪያ ልጇን ዘጠኝ ወር በወጉ ተሸክማ በወጉ ወለደቻት፤ ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ የሰፋችው አይተረተርም። ሁለተኛው ግን… በሰባት ወሩ መጣ። አዋላጇ ጓንቷን እንኳ አላጠለቀችም! ማን ጠራህ የሚለው የለ። አደገ ታዲያ፣ ተመስገን ነው፣ ቁመናውም ምን ይወጣለታል። ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀደመው ሰው የለም።

የፊት ለፊቱን ክፍል አይተሽዋል አይደል? ፎቶ ቤቱ የለቀቀውን? ትናንት ዘበኛውን ለምኜ ቁልፉን ወሰድኩና ገባሁ። ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ የምስማር ቀዳዳ ብቻ። ግን መስኮቱ! መስኮቱ፣ እህቴ፣ ግድግዳውን ግማሽ ይዞታል። ይህን የቀብር ልብስ የመሰለ ጥቁር ኮት ይዤ ነበር የገባሁት፤ ብርሃኑ ጋ ዘረጋሁት። ጥቁሩ ክር በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ታየኝ። አንድ በአንድ ታየኝ። ልንገርሽ? አለቀስኩ። ሞኝ አትበዪኝ። እዚህ አምፖል ሥር ጥቁር ስሰፋ በዓይኔ አይደለም፣ በጣቴ ነው። እዪው ጣቴን፤ ወንፊት ሆኗል። የዓይን ሐኪሙም "መነጽሩን አይደለም፣ ቦታሽን ቀይሪ" ብሎኛል። መርፌው እንኳ ከኔ የተሻለ ዓይን አለው።

እና ክፍሉን እኛም ፈለግን፣ ታች ያሉት ጫማ ሰፊዎችም ፈለጉ። እነሱ ምን ያደርግላቸዋል? ምስማር ለመምታት ብርሃን ምን ያደርጋል? ግን ፈለጉ። የሕንፃው አስተዳዳሪ የኛ ጭቅጭቅ ሲሰለቸው ምን አለ መሰለሽ? "ምሳ ሰዓት ሁላችሁም ምድር ቤት ሻይ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ የአውሬ ግጥሚያ ስትጫወቱ ነው የምትውሉት፤ በሱ ይለይላችሁ፤ ሦስት ግጥሚያ፣ ሁለት ያሸነፈ ክፍሉን ይውሰድ" አለ። የአንድ ሰው ዓይን በጌም ሲወሰን አየሽልኝ? ያለፈው ሳምንት አንድ እኛ፣ አንድ እነሱ ሆነና መብራት ጠፋ። የመጨረሻው ዛሬ ነው። ከመዝጊያ በኋላ።

አንቺ እንኳ ብትኖሪ ኖሮ… ተኳሽ ያለው ቤት እንዲህ አይደፈርም ነበር።

ጌሙን ታውቂዋለሽ፤ አውሬው በየስልካችን ይኖራል፣ ግጥሚያው ቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል፤ በየቡድኑ ሁለት አውሬ ነው። አንዱ ፊት ይገባል፣ ሲወድቅ ሁለተኛው ይተካል። የኔዋን ትራስ ብያታለሁ። ስሟን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ወፍራም ናት፣ እግሯ አይታይም፤ ይመቷታል ታዛጋለች፣ ይመቷታል ትገላበጣለች። ከመምታቷ በፊት ሰው ሻይ አዝዞ ይጠጣል። እኔም እንደሷ ነኝ፣ አላፍርም። ፊት የሚገባው የቡድናችን ጀግና ግን… ሽውታን ነው የያዘው።

ሽውታን አላየሻትም! ምን ያለች ውብ ናት! እንደ ክር ቀጥና፣ ጭራዋ እንደ ሪባን እየተውለበለበ። ከሷ በፊት የሚመታ አውሬ የለም። ስትመታም ጣጣ የላትም፤ የተመታው ወዲያው ነው የሚዘረጋው። እንዲህ ያለውን የሚመርጥ ሰው ልቡ ደፋር ነው፣ አይደለም እንዴ? አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች… ከነኳት አለቀች። ከነኳት ስልሽ ከመቷት ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን ሻይ ቀጂዋ ስታስነጥስ የወደቀች መስሎኛል።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ በሷ አሸነፍን። ሐቁን ልናገር፤ እኔ ሐቅ አልደብቅም። ጫማ ሰፊዎቹ ገና ወንበራቸውን ሲያስተካክሉ አንዷን አውሬያቸውን ጣለቻት፣ ሁለተኛው ሲገባ እሱንም። ትራስ ከእንቅልፏ አልተነሳችም። ያኔ የሆነ ሰው እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሻይ ቤቱን ዞረው። ለደንበኛ ደረት ሲለካ እንኳ እንደዚያ እጁን ዘርግቶ አያውቅም። "ቀደድናቸው!" እያለ። ልብ በዪ፣ ቀደምናቸው አላለም፤ ቀደድናቸው ነው ያለው። መቅደምና መቅደድ ለሌላው ሰው ጎረቤት ናቸው… ለሱ ግን አንድ ቤት ነው የሚኖሩት።

ጥሩ። በእረፍቱ ጫማ ሰፊዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተንሾካሾኩ። እኔ አየኋቸው። ዝም ብሎ የተንሾካሾከ ሰው ያስፈራል፤ የሚዞርና የሚጮህ ግን ምን ያስፈራል? ከዚያ አንድ ጥንዚዛ አወጡ። ሶል ነው የሚሉት፤ ስሙን ከሥራቸው። ዘገምተኛ፣ ጠፍጣፋ፣ ከትራስ የባሰ። እኛ ሳቅን። "ይህ እስኪነሳ ሽውታ አግብታ ትወልዳለች" ያለም ሰው አለ… ማን እንዳለው ረሳሁት።

አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም። ማን እንደሆነች አልነግርሽም፤ የሰፋችው ግን አይተረተርም ብዬሻለሁ። ይቺ ሴት ጠጋ አለችና "የጌሙ ከረጢት ውስጥ መቀነቱ አለ፤ እሰርላት" አለችው። መቀነቱን ታውቂዋለሽ? የታጠቀችው አውሬ በመጀመሪያው ምት አትወድቅም፤ በፀጉር ተንጠልጥላም ቢሆን ትቆምና ተራዋን ትመታለች። ለሽውታ የተሠራ ነገር ማለት ነው፤ ልክ በልክ። እና ምን አላት መሰለሽ? … "መቀነት የሴት ነው።"

ኧረ በስመ አብ! ሽውታ ራሷ ሴት አይደለችም እንዴ? እንቁላል ስትጥል በዓይናችን አይተናል! እሱ ግን ለክብሩ ጠንቃቃ ነው። መቀነቱን ተወና ምን አደረገላት? ጫማ። የሩጫ ጫማ! ከሁሉ የፈጠነችውን ሌላ እንድትፈጥን። ራበኝ ላለ ሰው ማንኪያ ጨመረለት በዪው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ አይደል? ብልህ ሰው ግን ከመጀመሪያውም አይታጠቅም፤ ታዲያ ምኑ ይፈታበታል?

ጀመሩ። ያ ጥንዚዛ ለካ አንዲት ኩርኩም አለችው። ምንም የማትረባ፣ እንደ አክስት ኩርኩም ያለች። ግን ፍጥነት አትጠይቅም፤ ማንም ይፍጠን ማን፣ ኩርኩሟ ትቀድማለች። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይኸው ነው። ሽውታ በአዲሱ ጫማዋ ተወርውራ ስትመጣ… ቋ! አንዲት ኩርኩም። ጫማዋ ቀረ፣ እሷ ሄደች።

ከዚያ ትራስን ብቻዋን ሁለት ላይ አስገቡብኝ። ምስኪን፣ እስክትነቃ አለቀላት።

መቀሱ ቆመ አይደል? … ጨርቁ አልቆ ይሆናል። አንቺ ተኩሺ።

እና ሰው ሲሸነፍ ምን ይላል? "የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ" ይላል። ከጥንት ጀምሮ የወደቀ ሁሉ የእናቱ መቀነት እያደናቀፈው ነው የወደቀው፤ ወግ ነው። ይህ ሰው ግን እናቱን ነፃ አወጣት! በዓለም ላይ መቀነት ስላልነበረው የወደቀ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ታዲያ ሰበብ ያጣል ብለሽ ነው? "ኔትወርኩ ነው" አለ። ቀጥሎ ጣቱ ወዝቶ ነው። ቀጥሎ ወንበሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፤ ያ ወንበር እስከ ዛሬ እግሩ እንደተንጋደደ ነው።

እኔ ወቀሳ አላውቅም፤ ቆራጥ ሰው እወዳለሁ። ቆራጭም ሲሆን ደግሞ የበለጠ። የድሮ ሰዎች "አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ" ይላሉ፤ አሥር ጊዜ መለካት ግን ለማን ጊዜ አለው? የዚህኛው አጭር ነው፤ ይቆርጣል፣ ከዚያ ይለካል፣ ከዚያ ይቅርታ ይጠይቃል። የሐሙስ ለታውን የዚያን ግራጫ ሱሪ ነገር አልነገርኩሽም! ጨርቁን ሳያጥፍ፣ ንድፉን ሳይገለብጥ፣ ቸኩሎ ሁለቴ ቆረጠው። ሁለቱም እግር የግራ! እኔ ደግሞ በዚህ ጨለማ አላየሁትም፤ ሰፋሁት። ደንበኛው ለበሰና መስታወቱ ፊት ቆመ፤ ወደ አንድ በኩል ዘመም አለ፤ "ግራ ገባኝ" አለ። እውነቱን እኮ ነው፣ ቀኝ ከየት ይምጣለት!

ሳቂ፣ ሳቂ። ጉንፋን ያስለቅቃል።

እሱ ግን አልሳቀም። ማ? … ደንበኛው ነዋ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ሱሪ ስፈታ ነው ልቤ የተሰበረው። በስህተቱ አይደለም፤ ሁሉም ይሳሳታል። እኔ ሁለት ግራ እግር በእጄ ይዤ፣ ሰፍቼ ጨርሼ፣ አለማየቴ ነው። ብርሃን ቢኖረኝ ገና ስጀምር አየው ነበር። የተሰፋ ሲፈታ ከመስፋት ይብሳል፤ ያውም ጣቴ እየደማ። ክፍሉን ጫማ ሰፊዎች ከወሰዱት እኔ ይህን ሥራ የምሠራው እስከ መቼ ነው? ይህንን ለማን ልናገር? ምያለሁ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ግን ልቀቅ አላልኩም። ሽውታን ይያዝ። ፊትም ይግባ። መቀነቷን ብቻ… ግን የሴት ነው።

ዝም በዪ። አትዙሪ። በመስታወቱ ነው የማየው። ስልኩን አወጣ። … አጎነበሰበት። … ሁለቱ ጆሮዎቹ ቀልተዋል፤ ብርዱ ይሆናል። አሁን ከረጢቱን ይከፍታል በዪ። … አልከፈተም። … ሰዓት ነው ያየው? … አስቀመጠው። ኮቱን አነሳ። እንዴ፣ ገና ሰዓቱ ሳይደርስ! በሩን ይዝጋው እንጂ፣ ቅዝቃዜ ገባ። …

ወረደ። ሰምተሽዋል ደረጃውን? ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነው። ጫማ ሰፊዎቹ ገና ማስቲሻቸውን አልከደኑም፣ የኛ ሰው ሻይ ቤት ደርሷል። ሽውታ ማለት እሱ ራሱ ነው፣ ሌላ ምን አለ!

ቆይ… ያ ምንድን ነው ጠረጴዛው ላይ? ከመቀሱ አጠገብ?

ስልኩ!

ኪ ኪ ኪ! ጌሙን ትቶ ሊገጥም ወረደ! አትጥሪው፣ እግዜር ያሳይሽ፣ አትጥሪው። ይመለሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። እስኪመለስ ግን… እኔ እንዳልናገር ነው የማልኩት እንጂ እንዳልነካ አልማልኩም። መቀነቱን ራሴ አስርላታለሁ። ቁልፉን አውቀዋለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቁልፍ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረውም። አንቺ በሩን እዪልኝ።

ይኸው ሽውታ። … ከረጢቱን ልክፈት። … መቀነቱ የለም። የት አባቱ ጣለው? ጭራሽ… ቆይ። ቆይ እስቲ። ወገቧ ላይ ያለው ምንድን ነው? መነጽሬን አቀብዪኝ።

ታጥቃለች።

ታጥቃለች እኮ! … እዚህ ደግሞ የልምምዱ ዝርዝር አለ። ሽውታ ከጥንዚዛ፣ ሽውታ ከጥንዚዛ፣ ሽውታ ከጥንዚዛ… ሁሉም በመቀነት። ከሰኞ ጀምሮ ነው። ሲያኮርፍ ሁሉ ታጥቃ ነበር ማለት ነው! መቀሱ ዝም ባለ ቁጥር እኔ ጨርቅ አልቆ መስሎኝ… ለካ ኩርኩም ሲቆጥር ነው።

ታዲያ አይናገርም? "አሰርኩላት እህቴ" ማለት ምላስ ይቆርጣል? … ልክ ነሽ፣ እንዳትናገሪኝ ብሎ መናገር አፍሮ ነው። እኔ ደግሞ ይኸው ከሰዓት በኋላዬን ሙሉ ይህን ሁሉ ነገር አፈሰስኩት። በከንቱ! ያን ሁሉ ጨርቅ ቆርጬ ለተሰፋ ልብስ። አሁን ምን ይሉታል ይህን? ሰው አሽሙር ከጨረሰ በኋላ ያሸሞረበት ጥፋት የለም ሲባል?

አታልቅሺ አትበዪኝ፣ አላለቀስኩም። አምፖሉ ነው።

መጣ! ደረጃው ላይ ነው! ስልኩን ወደ ቦታው… ከመቀሱ በስተግራ ነበር ወይስ በስተቀኝ? በግራ ነው፤ ምን ጊዜም ግራ ነው። ተኩሺ፣ ተኩሺ! ኮሌታውን። እኔም እየሰፋሁ ነው። …

እና እንዳልኩሽ የልጅሽ ጉንፋን… ማር ስጪው። አዎ፣ ማር። እህ፣ ሰው መጣ እንዴ? ስልክ የረሳ ሰው ነው መሰለኝ። ይውሰድ፣ ይውሰድ። ማንም አልነካበትም።

ለግጥሚያ የሚወርድ ሰው ግን ሳይመረቅ አይወርድም፣ አይደል? እኔ ለሱ አልናገርም፣ ምያለሁ፤ ለአንቺ ልንገርሽና አንቺ አሜን በዪለት። ጣቱን ያፍታታለት። ኔትወርኩን ያጥራለት። ወንበሩን ያጽናለት። ኩርኩምን ከራሱ ላይ ያርቅለት። ያሰረውን አይፍታበት… አሰረ አሉ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ። መስኮቱን ያብራልን።

ደግሞ አንቺን ቅድም ካውያው ሲነካሽ ምን አልኩሽ? "ከፊትሽ ያስቀድመኝ" አልኩሽ። የምወደውን ሁሉ እንዲያ ነው የምለው፤ ከክፉው ነገር እኔ ልቅደም እላለሁ። ለሱም አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ የእናቴ ልጅ አይደል… የእናቱ ልጅ ማለቴ ነው። ግን እንዴት ብዬ? በሰባት ወሩ የጀመረውን፣ በዚህ ዓለም ላይ ያለችውን አንዲት ደስታውን ልንጠቀው? አይሆንም። መቅደሙን ለሱ ይተውለት። እኔ ግድ የለኝም፣ መስኮቴ ሥር ቁጭ ብዬ፣ እግዜር ከኋላው በትዕግሥት ያቆየኝ።

አሜን በዪ እንጂ!